ወንድሜ ጊቢ ሊገባ ነው፤ በ1,100 ድርሃም የቱን ላፕቶፕ ልግዛለት?

የደሴዋ

ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ማብሪያውን ብቻ ስለሆነ ጥያቄዬ ቢረዝም ታገሱኝ።

ሻርጃ ከመጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ600 487 አመጣ። በስልክ ሲነግረኝ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ኩሽና ውስጥ ብቻዬን እልልታዬን ሳቀልጠው ማዳሜ ቤት የተቃጠለ መስሏት ሮጣ መጣች። ሐዋሳ ደርሶታል። እሱ ኢንጂነሪንግ ይላል፣ እናቴ ሐኪም ትላለች። ዲፓርትመንት የሚመርጡት ከፍሬሽማን በኋላ ነው ስለተባለ ገና አልለየለትም።

ላፕቶፑን እኔ ልገዛለት ቃል ገብቻለሁ። ያለችኝ 1,100 ድርሃም ናት፤ ከዚያ ካለፈ ለእናቴ የምልከው ይጎድላል። አንዲት የሰፈራችን ልጅ ከሦስት ሳምንት በኋላ አገር ቤት ስለምትገባ እሷ ትይዝልኛለች።

ያለፈው ዓርብ እረፍቴ ነበርና ከጓደኛዬ ጋር በአውቶብስ ቡር ዱባይ ሄድን። ኻሊድ ቢን አል ወሊድ መንገድ ላይ ኮምፒውተር በኮምፒውተር የሆነ ሰፈር አለ። አራት ሱቅ ገብተን ራሴ ዞሮ ወጣሁ። ሻጮቹ ሲናገሩ በአማርኛ ፊደል እየጻፍኩ ነበር፤ ስህተት ካለው የጆሮዬ ነው።

መጀመሪያ ያሳዩኝ ዴል ነው፤ ኮር አይ 7፣ 6ኛ ጀነሬሽን፣ ራም 8፣ ሀርድ ዲስክ 1 ቴራ፣ 15.6 ኢንች፣ 750 ድርሃም። ሁለተኛው ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 የሚሉት፤ ኮር አይ 5፣ 8ኛ ጀነሬሽን፣ ራም 8፣ ኤስኤስዲ 256፣ 14 ኢንች፣ 850። ሦስተኛው ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5፤ እሱም አይ 5፣ 8ኛ፣ ግን ራሙ 16 ስለሆነ 950። እነዚህ ሁሉ ያገለገሉ ናቸው። አራተኛው ሱቅ ካርቶኑ ያልተከፈተ አዲስ ትንሽዬ በ799 አወጡልኝ፤ ሴሌሮን ይባላል፣ ራሙ 4፣ ማስቀመጫው 64 ጂቢ ኢኤምኤምሲ። አዲስ መሆኑ ልቤን ሳበው፣ አልዋሽም።

የቲንክፓዱ ሻጭ በተረፈሽ ገንዘብ አሻሽዪው ብሎ ዋጋ ዘረዘረልኝ። ራሙን 16 ለማድረግ 90፣ ኤስኤስዲውን 512 ለማድረግ 110፣ ትልቅ ባትሪ 120፣ ስክሪኑን ታች፣ ማለትም በጣት የሚነካ፣ ለማድረግ 150። ቦርሳና ማውዝ በነፃ። ሁሉንም አይችለውም ኪሴ። የቱ ነው የሚጠቅመው? የቱስ ለሻጩ ብቻ ነው የሚጠቅመው?

ወንድሜ ደግሞ "አይ 7 ይሁን እንጂ ሌላው ግድ የለኝም" ብሎኛል። ጓደኛው አይ 7 አለው መሰለኝ።

ፈጣኑ

እህት፣ ትንሽ ጠብቀሽ ጨምሪበትና ጌሚንግ ላፕቶፕ ግዢለት። አንዴ ነው የሚገዛው፤ ኋላ ኢንጂነሪንግ ከገባ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ምን ሊያደርግለት ነው? በ1,900 አካባቢ ጥሩ ጥሩ አለ።

የደሴዋ

ወንድሜ፣ 1,900 ማለት እኮ ለእኔ ቁጥር ብቻ አይደለም። አመሰግናለሁ ግን።

ካቻቢቴ

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። 487 ቀላል አይደለም።

እኔ አዲስ አበባ ሜክሲኮ አካባቢ ላፕቶፕ ስጠግን 17 ዓመቴ ነው። በየዓመቱ ተማሪ ጊቢ ሊገባ ሲል ሱቄ ምን ልግዛ በሚል ሰው ይሞላል፤ ሦስት ወር ሳይቆይ ከዚያው ሰው ግማሹ የገዛውን አቅፎ ይመለሳል። አንቺ ሳትገዢ በመጠየቅሽ ሥራ አሳጣሽኝ።

ፈጣኑ፣ ልጁ ገና ምን እንደሚማር አልታወቀም እኮ። ሕክምና ቢገባ ጌሚንጉ ፒዲኤፍ ማንበቢያ ይሆናል። ደግሞ ቻርጀሩ ብቻውን ጡብ ያህላል፣ ባትሪው ከሁለት ሦስት ሰዓት አያልፍም።

አሁን ወደ አንቺ። የላፕቶፕ ዕቃ ለእኔ ሁለት ዓይነት ነው፤ በካቻቢቴ የሚፈታና የማይፈታ። ገንዘብሽን መጀመሪያ ለማይፈታው ክፈዪ። የሚፈታውን ልጁ ራሱ ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራ ሠርቶ ይቀይረዋል።

የማይፈታው አንደኛው ፕሮሰሰሩ፣ የኮምፒውተሩ አእምሮ፣ ነው፤ ቦርዱ ላይ ተበይዶ ነው የሚመጣው። ወንድምሽ አይ 7 ያለው ነገር እዚህ ጋ ነው የሚያጣላን። ኩሽና ውስጥ ነሽና በምድጃ ልንገርሽ። የሞዴል ቁጥሩ መጨረሻ ላይ "ዩ" የሚል ፊደል ያለበት የ6ኛና የ7ኛ ጀነሬሽን አይ 7 ባለ ሁለት ምድጃ ነው። የ8ኛው አይ 5፣ 8250ዩ ይሁን 8350ዩ፣ ባለ አራት ምድጃ ነው። አንድ ሻይ ብቻ ብታፈዪ ልዩነቱን ላታዪው ትችያለሽ። ወጡም ሩዙም ሻዩም አንድ ላይ ሲጣድ ግን ባለ ሁለቱ ወረፋ ያስይዛል። ተማሪ ደግሞ ሁሉንም አንድ ላይ ነው የሚጥደው፤ ብራውዘር፣ ቴሌግራም፣ ወርድ፣ ከጀርባ ዘፈን። ስለዚህ አይ 7 የሚለውን ተለጣፊ ትተሽ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዪ። 8350 ከሆነ የፊተኛዋ 8 ጀነሬሽኑን ነው የምትነግርሽ።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10ን መደገፍ ያቆመው ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከኢንቴል 8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያለውን ነው በይፋ የሚቀበለው። 6ኛውን በጓሮ በር ማስገባት ይቻላል፣ እኔም ለሰው አስገብቼ አውቃለሁ፣ ግን በርቀት ላለ ልጅ አልመክረውም።

አዲሱን ሴሌሮን እርሺው። ካርቶኑ ነው አዲስ። የ64 ጂቢው ማስቀመጫ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ ዊንዶውስ ራሱ ግማሽ ያህሉን ይይዘዋል፣ አፕዴት ሲመጣ ቦታ ያጣል። በእነዚህ ዓይነቶቹ ላይ ራሙም፣ የተከፈተውን ሥራ ሁሉ ለጊዜው የሚይዘው ማለቴ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የተበየደ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ እኔ ጋ ሲመጣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ አየዋለሁ እንጂ የማደርግለት የለም።

የዴሉ 1 ቴራ ሀርድ ዲስክ የሚሽከረከር ነው። ቀርፋፋነቱ ይቅርና በርቶ ሳለ አንዴ ከተንጋጨ መረጃው አብሮ ሊሄድ ይችላል። ከሀርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ፣ ምንም የማይሽከረከርበት ማስቀመጫ፣ መሄድ ከበቅሎ ወርዶ መኪና መግባት ነው። ኤስኤስዲ ካለ በኋላ ግን ይኼ ፈጣን ነው ያ ደግሞ የበለጠ ፈጣን ነው እያሉ ተጨማሪ ገንዘብ ሲጠይቁሽ ጆሮሽን ድፈኚ። ተማሪ ልዩነቱን አያየውም።

የቀሩት ቲ480ውና 840 ጂ5ው ናቸው። ሁለቱም በ2018 የወጡ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፖች ናቸው፤ ሁለቱም ይፈታሉ፣ ሁለቱም ሁለት የራም ቦታ አላቸው። ክብደታቸውም አንድ ኪሎ ተኩል አካባቢ ነው። እኔ ለአገራችን መብራት ሲሆን ቲ480ውን እመርጣለሁ፤ ሁለት ባትሪ አለው። አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከኋላ በሁለት መቀርቀሪያ ተነቅሎ የሚወጣ። ኮምፒውተሩ እንደበራ የኋላውን ነቅለሽ ሌላ ትሰኪበታለሽ። ግን ከቲ480 ጋር አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ስክሪኑ ሦስት ዓይነት ሆኖ ነው የተሸጠው። 1366 በ768 የሚለው ከሆነ ተዪው፤ ከጎን ሲያዩት ቀለሙ ይገለበጣል፣ ጽሑፉም ጥርት አይልም። 1920 በ1080 የሚለውን ነው የምትፈልጊው። ስክሪን መቀየር ይቻላል፣ ግን ዋጋው አያዋጣምና ከማይፈታው ቁጠሪው።

ማሻሻያዎቹ ላይ፤ ታች ስክሪኑን እርግፍ አድርገሽ ተዪ። 512ቱን አሁን ተዪ። 256 ለትምህርት ይበቃል፤ የሚሞላው በፊልም ነው፣ ለፊልም ደግሞ እኔ አልከፍልም። ራሙን ግን ውሰጂ። ዛሬ ዛሬ 8 ጂቢ ዊንዶውስ 11ን አብርቶ ብራውዘር ሲከፍት ነው የሚያልቀው። ዘዴው እንዲህ ነው። ታስክ ማናጀር የሚባለውን አስከፍቺው፣ ሜሞሪ የሚለውን ሲጫን ከታች ስንት ቦታ እንደተያዘ ይጽፋል። ከ2 ቦታ 1 ከተያዘ ባለ 8ቱ ሳይወጣ ሌላ 8 ይጨመርበት። ሁለት ሲሆኑ ከአንድ ባለ 16 እንኳ ይሻላሉ፤ የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ለምስሉ የሚበደረው ከራሙ ስለሆነ በሁለት በር ቢወስድ ይፈጥናል። የራሙ ዓይነት ዲዲአር4 የሚባለው መሆኑን አረጋግጪ፤ ሌላው ቦታው ውስጥ አይገባም።

ባትሪውን ሳታዪ አልነግርሽም። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ ሻጩን "ባተሪ ሪፖርት" በይው፣ ያውቀዋል። ሁለት ቁጥር ይመጣል። ዲዛይን ካፓሲቲ አዲስ ሳለ እንዲይዝ የተሠራው ነው፣ ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ አሁን የሚይዘው። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ግማሽ ካላከለ ባትሪው ሽማግሌ ነው። አላወጣም ካለሽ ሻጩን ቀይሪ።

አራተኛ ዓመት

ከጋሼ ካቻቢቴ ጋር ነኝ፤ እኔ የምጨምረው የዶርሙን ነው። ሐዋሳ አይደለሁም፣ ሌላ ጊቢ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ነው የምማረው።

እኔም ስገባ አጎቴ 15.6 ኢንች ባለ ሀርድ ዲስክ ነበር የገዛልኝ። ትልቅ ነው ብሎ። ጠዋት ከዶርም ክላስ፣ ከክላስ ካፌ፣ ከካፌ ላይብረሪ፤ ላፕቶፑ ከእነቻርጀሩ ትከሻዬን በላው። ሁለተኛው ወር ላይ ዶርም ትቼው መሄድ ጀመርኩ። ይዘሽው የማትዞሪው ላፕቶፕ ዴስክቶፕ ነው በቃ። ስለዚህ 14 ኢንች፣ ኪሎ ተኩል፣ ከዚያ በላይ እንዳትሄጂ።

ዶርማችን ውስጥ ስድስት ነን፣ ሶኬቱ ሁለት ነው፣ አንዱ ይላላል። ዲቫይደር የያዘ ልጅ እንደ ንጉሥ ነው የሚታየው። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ ላፕቶፑ አራት አምስት ሰዓት ካልቆየ አሳይመንቱ ነገ ነው። ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ የሲ ፕላስ ፕላስ አሳይመንት እየጻፍኩ መብራት ሄደ፤ ባትሪዬ ሞቶ ስለነበር ኮምፒውተሩም አብሮ ሄደ። ሴቭ አላደረግኩም። ሌሊቱን በስልክ መብራት ወረቀት ላይ እንደገና ጻፍኩት። ለእኔ ከራሙ እኩል ባትሪው ነው።

ስለ 840 ጂ5ው አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ዶርም ሜቴ እሱን ነው የያዘው። ጥሩ ዕቃ ነው፣ ግን አንዳንዱ ሹር ቪው የሚባል ስክሪን አለው፤ ሰው ከጎን እንዳያይብሽ የሚያጨልም። ለባንክ ሠራተኛ ጥሩ ሊሆን ይችላል። እኛ አንድ ላፕቶፕ ለአራት ከበን ነው የምናጠናው፤ መሀል የተቀመጠው ብቻ ያነባል፣ ሌሎቻችን ጨለማ እናያለን። ማጥፊያ አለው፣ ግን ከጠፋም በኋላ እንደ ሌላው ደመቅ አይልም። ጂ5 ከገዛሽ ከጎኑ ቆመሽ እዪው።

ፍሬሽማን ላይ ይህን ያህል ከባድ ነገር የለም። ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ፤ ሁሉም ሀንዳውት ነው፣ ሶፍት ኮፒ በቴሌግራም ይመጣል። ከባዱ የሚጀምረው ዲፓርትመንት ሲገባ ነው። እኛ አውቶካድና ኢታብስ የሚባሉ የሕንፃ ንድፍ ፕሮግራሞች እንጠቀማለን፤ ራም 16 ባለው 8ኛ ጀነሬሽን እስካሁን ለኮርስ የሚሰጠን ነገር ሁሉ ሠርቷል። ሶፍትዌር የሚማሩት አንድሮይድ ስቱዲዮ ሲከፍቱ 8 ራም ያለው ያለቅሳል። አካውንቲንግ ቢገባ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም አያስቸግረውም። ሕክምና ቢገባ እናትሽ ደስ ይላቸዋል፣ ላፕቶፑም ያርፋል።

ሌላው፣ ፍላሹን ፕሪንት ቤት ሰክቶ ሲመለስ በሾርትከት ቫይረስ ተሞልቶ ነው የሚመጣው። ፋይሎቹን ከላፕቶፑ ሌላ ኦንላይንም እንዲያስቀምጥ ከአሁኑ አስለምጂው። ሎከሩ ላይ ጥሩ ቁልፍ ይግዛ፤ በላፕቶፕ ገንዘብ ስንጨነቅ የ200 ብር ቁልፍ እንረሳለን።

ፖም

ማክቡክ ኤር ኤም1 ለምን ማንም አላነሳም? ያገለገለ ከሆነ ትንሽ ብቻ ትጨምራለች። ባትሪው ሙሉ ቀን ነው፣ ፋን የለውም፣ ክብደቱ 1.29 ኪሎ። ዶርም ውስጥ ከዚህ የተሻለ የለም።

ካቻቢቴ

ፖም፣ ዕቃው ግሩም ነው፣ አልክድም። ሚስቴ አላት። ግን ራሙም ማስቀመጫውም የተበየደ ነው፤ በ8 የተገዛ በ8 ይቀራል። ልጁ መካኒካል ቢገባ ሶሊድወርክስ የሚባለው የንድፍ ፕሮግራም ማክ ላይ የለም፣ ሲቪል ቢገባ ኢታብስ የለም። ዲፓርትመንቱን ላላወቅንለት ልጅ በሩን አንዘጋበትም። ሕክምና እንደሚገባ እርግጠኛ ብንሆንና ገንዘቡ ቢኖር ሌላ ጨዋታ ነበር።

አራተኛ ዓመት፣ የሹር ቪውን ነገር ስላነሣህ ጎበዝ። እኔ ብቻዬን ስለምሠራ ትዝ አይለኝም ነበር።

እህቴ፣ ስትሄጂ ሌላ አንድ ነገር አደራ። እነዚህ ላፕቶፖች ከመሥሪያ ቤት የወጡ ስለሆኑ አንዳንዱ የቀድሞው ባለቤት የቆለፈው ፓስወርድ ይዞ ይመጣል። ዊንዶውስ ሲከፈት አይታወቅም። ቲንክፓዱን አጥፍተሽ ስታበሪው ወዲያው ኤፍ1ን ደጋግመሽ ተጫኚ። ሰማያዊ ወይም ነጭ የቅንብር ገጽ ከከፈተ ደህና ነው። ገጹን ሳያሳይ የፓስወርድ ሣጥን ካመጣ "ይህ ምንም አይደለም" ቢሉሽም አትግዢ። በቲንክፓድ ላይ ያ ፓስወርድ ባትሪ በመንቀል አይጠፋም፤ እኔ ጋ መጥተው ስንቱን መልሻለሁ።

ኖትፓድ ከፍተሽ እያንዳንዷን ፊደል ምቺ። ስክሪኑን ነጭ አድርገሽ ጥቁር ነጥብ ፈልጊ። ስልክሽን ሆትስፖት አድርገሽ ዋይፋዩን አገናኚ። ክዳኑን በአንድ እጅ ከፍተሽ ባቆምሽበት መቆሙን እዪ፤ ማጠፊያው የላላ ዕቃ ወድቆ ያውቃል።

የደሴዋ

ጋሼ ካቻቢቴ፣ ተመልሼ መጣሁ። ዛሬ ዓርብ ነበር።

ያሉኝን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፌ ሄድኩ። መጀመሪያ ያየሁት የ850ው ቲንክፓድ ስክሪኑ 1366 ሆነ። ሻጩ "ዓይን አይለየውም" አለኝ፤ ከጎን ቆሜ ሳየው የዊንዶውሱ ሥዕል ወደ ሐምራዊ ሄደብኝ። ወጣሁ። ሁለተኛው ሱቅ በ820 ሌላ ቲ480 አወጣ፤ ስክሪኑ ጥሩ ነበር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ኤፍ1ን ስጫን የፓስወርድ ሣጥን መጣ። ልጁ "ኖ ፕሮብሌም ማዳም፣ ኖ ፕሮብሌም" ሲለኝ ማዳም መባሌ ገርሞኝ ሳቅኩ፤ ግን አልገዛሁም።

ሦስተኛው ሱቅ ያለ አንድ ሽማግሌ ቁጭ በይ ብሎኝ ሻይ አስመጣልኝ። 920 ብሎ በ870 ተስማማን። 8350ዩ ነው፤ ቁጥሩን እኔ ራሴ አነበብኩት። 1920 በ1080። ኤፍ1 ያለ ፓስወርድ ከፈተ። ፊደሎቹ ላይ ዓረብኛም ተጽፎባቸዋል፣ ሁሉንም መታሁ፣ ይሠራሉ። ራሙ ከ2 ቦታ 1 ነው የተያዘው፤ በ90 ሌላ 8 ዓይኔ እያየ አስገባበት።

የባትሪ ሪፖርቱን ሲያወጣልኝ ውስጠኛው 24,000 ተብሎ የተሠራው 19,000 ይይዛል። የኋላው ግን ከ24,000 9,000 ብቻ። የአራተኛ ዓመቱን ልጅ አሳይመንት አስታውሼ 120 ከፍዬ የኋላውን በትልቁ አስቀየርኩ፤ 72 ይላል። አሮጌውንም ሰጠኝ። ሁሉም 1,080 ሆነ። 20 ድርሃም ይዤ ወጣሁ፤ በአውቶብስ ገባሁበት።

ሦስት ጥያቄ ቀርቶኛል። ትልቁ ባትሪ ከሥር ወጣ ስላለ ኮምፒውተሩ ከኋላ ብድግ ብሏል፤ ችግር አለው? የቻርጀሩ ሶኬት እዚህ አገር ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ነው፤ እኛ ጋ አይገባም። ልጅቷ ደግሞ ሻንጣዋ ውስጥ ታድርገው ወይስ በእጇ ትያዝ?

ካቻቢቴ

አንቺ ልጅ ሱቅ ብትከፍቺ እገባልሽ ነበር።

ብድግ ማለቱ የባትሪው ቅርጽ ነው፤ እንዲያውም ለመጻፍ ይመቻል፣ ሥሩም አየር ያገኛል። ትንሽ ይከብዳል፣ ክላስ ብቻ ሲሄድ አሮጌውን አድርጎ መውጣት ይችላል። ቤት ስትገቢ እስኪሞላ ሰክተሽ ሪፖርቱን ደግመሽ አውጪ። ባትሪው ላይ የተጻፈው 72 በሪፖርቱ 72,000 ተብሎ ነው የሚወጣው፤ እዚያ አካባቢ ካላሳየ ደረሰኙን ይዘሽ ለሽማግሌው መልሺለት፤ ባትሪ ላይ የሚጻፈውና የሚይዘው ሁሌ አንድ አይደለም።

ለሶኬቱ አስማሚ እንዳትገዢ። አስማሚ ዶርም ውስጥ ይላላል፣ ይግላል። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ታገኛለሽ፤ ስለዚህ የእኛ 220 አያስቸግረውም። ከግድግዳው እስከ ጥቁሩ ሣጥን ያለው ገመድ ብቻውን ይነቀላል፤ ባለ ሁለት ክብ ጥርሱን ገመድ እዚህ ማንኛውም ኤሌክትሮኒክስ ቤት ያገኘዋል። የድሮውን ገመድ ይዞ ሄዶ "እንዲህ ያለ ጫፍ ያለው" ይበላቸው።

አውሮፕላኑ ላይ በእጇ። ላፕቶፑ በእጅ ሻንጣ፣ የተነቀለው አሮጌ ባትሪም በእጅ ሻንጣ፤ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ ከሥር በሚገባው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። ጫፉ ብረት እንዳይነካው በፕላስቲክ ይጠቅለል።

አራተኛ ዓመት

እህቴ እውነት ጀግና ነሽ። አማርኛ መጻፊያ ፈልጎ ከየትም ሶፍትዌር እንዳያወርድ ንገሪው፤ ዊንዶውስ ውስጥ ራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለ፣ ቋንቋ ከሚለው ይጨምራል። ዓረብኛው ፊደል ደግሞ ይጠቅመዋል፤ ዶርም ውስጥ የማን ላፕቶፕ እንደሆነ በሩቁ ይታወቃል።

የደሴዋ

ባትሪው ሞልቶ 70,900 አሳየ። ይሁን ብያለሁ።

ለወንድሜ ፎቶውን ላክሁለት። "እግዜር ይስጥልኝ እትዬ" ካለ በኋላ ትንሽ ቆይቶ "ግን አይ 7 አይደለም እንዴ?" አለኝ። የእናታችን ቤት ምድጃ ስንት ነው አልኩት። ሁለት አለ። በበዓል ቀን ስንት ብረት ድስት ወረፋ ይይዛል አልኩት። እስካሁን አልመለሰልኝም፤ ኦንላይን ግን አለ።